አንቴና የሌለው ሬዲዮ እና የጁምዓ ሰላምታ

ቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ባለቤቴ በስሙ የማትጠራው አንዱን ብቻ ነበር። «ያ ሣጥንህ» ትለዋለች። አልፈርድባትም። ሬዲዮ ነው ብዬ ያመጣሁት ዕቃ አንቴና የለውም፣ ካሴት አይበላም፣ ሲዲ አይጎርስም። የወፍራም መጽሐፍ ያህል ጥቁር ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል መስታወትና አንድ የሚሽከረከር ቁልፍ አለው፤ ከሥሩ ስድስት ትንንሽ ቁልፎች ተደርድረዋል። ድምፁን የሚያመጣው ከአየር ሳይሆን ከቤታችን ኢንተርኔት ነው። በዓለም ላይ በኢንተርኔት የሚያሰራጭ ጣቢያ ሁሉ፣ ቢያንስ ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ከሆነ፣ ይገባበታል።

«ኢንተርኔት ሲጠፋስ?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ገና ከካርቶኑ ሳላወጣው፣ ሽንኩርት እየላጠች።

ዕድሜዬን በንባብ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ፈንታም ሁለት ሦስት ጊዜ ጋዜጣ ላይ ጽፌያለሁ። ይህ ጥያቄ ግን አልመጣልኝም ነበር።

«አይጠፋም» አልኳት።

የገዛሁት በለውጡ ሰሞን ነው። ያኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ተስፋ ያደርግ ነበር። የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ መሪ እንደያዙ ወደ ኋላ ዞረው ስለ ሽግግር ያስረዱኝ ነበር። እኔ ሁሉም ሰው የተስማማበትን ነገር ስሰማ መጠራጠር የምጀምር ሰው ስለሆንኩ ተስፋውን ለእነሱ ትቼ ሬዲዮ ገዛሁ። ተዘግተው የኖሩ ድረ ገጾች ተከፍተዋል፤ ከባሕር ማዶ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች እንደልብ ይሰማሉ። ሰው ፖለቲካ ለመስማት ሲሯሯጥ እኔ በዓለም ላይ ፖለቲካ የማይወራበት ጣቢያ ካለ ላገኘው ተነሣሁ።

መጀመሪያ ግን ሣጥኑን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ማስተዋወቅ ነበረብኝ። የይለፍ ቃሉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጎረቤት እንዳይገምተው ብዬ ሃያ ሁለት ፊደል አድርጌው ነበር። ሣጥኑ የፊደል ገበታ የለውም፤ ቁልፉን እያሽከረከሩ ፊደሉ ላይ ሲደርሱ ይጫኑታል፣ እንደገና ያሽከረክራሉ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስሳሳት ይሰርዝና ከአንድ ያስጀምረኛል። ግማሽ ቀን ሄደ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አይታኝ ራሷን እየነቀነቀች ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከዚያ ጣቢያ ፍለጋ ቀጠለ። ሣጥኑ አገራትን በተራ ይዘረዝራል፣ አገሩ ውስጥ ሲገቡ ጣቢያዎቹን ይዘረዝራል። ከአንድ የሰሜን ቀዝቃዛ አገር ቀኑን ሙሉ ቼሎ የሚሉትን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ የሚያሰማ ጣቢያ አገኘሁ። ወሬ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፤ በሰዓት አንዴ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትናገርና ትሄዳለች። ምን እንደምትል ስለማይገባኝ ከእሷ ጋር ፈጽሞ ተጣልተን አናውቅም። በአንደኛው ቁልፍ ላይ አስቀመጥኳት።

«ሰውየው ሆዱን ነው እንዴ የሚያመው?» አለች ባለቤቴ ቼሎውን ሰምታ።

«ይህ የስድስት መቶ ዓመት የሙዚቃ ጥበብ ውጤት ነው።»

«ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ሐኪም አላገኘም?»

ጎረቤታችን ወደ ታሪኩ የገባችው ከዚህ በኋላ ነው። አጥራችን አንድ ነው። ከእኔ ብዙ አትበልጥም፤ እትዬ የምላት ከልማድ ነው። እሷ ደግሞ ማስተማር ካቆምኩ ስንት ዘመኔ፣ አሁንም መምህር ትለኛለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ነገር አክብሮት ነው ብዬ ራሴን አታልዬ አላውቅም። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ከሁለታችንም በብዙ ይበልጣሉ። ጎህ ሲቀድ ታንኳ ይዘው ሐይቁ ላይ ይወጣሉ፣ ረፋድ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ፣ ከሰዓት መረባቸውን ይጠግናሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የምትሠራበት ቤት ስልክ እንደልብ አያስይዝም፤ በወር አንዴ ለሁለት ደቂቃ ያህል ትደውላለች፣ ግማሹ «ይሰማል? ይሰማል?» ሲባል ያልቃል።

አንድ ቀን እትዬ ወረቀት ይዛ መጣች። ልጅቷ በስልክ ያስጻፈቻት የኢንተርኔት አድራሻ ነበር። ጅዳ የሚኖሩ የእኛው አካባቢ ልጆች ከአንድ ክፍል ሆነው ሬዲዮ ያሰራጫሉ። በየሳምንቱ ከጁምዓ ስግደት በኋላ ለአንድ ሰዓት የሰላምታና የዘፈን ምርጫ ፕሮግራም አላቸው። ሰዉ ድምፁን በስልክ ቀርፆ ይልክላቸዋል፣ እነሱ ያሰሙታል፤ ልጅቷም አሠሪዎቿ ከምሳ በኋላ ሲተኙ በድብቅ ትልካለች፣ በድብቅ ትሰማለች።

«ያ ሣጥን የፈረንጅ ለቅሶ ካመጣ የኔን ልጅ ማምጣት ያቅተዋል?» አለችኝ።

ጣቢያው በሣጥኑ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። አድራሻውን በኮምፒውተር በኩል እኔው አስገባሁት፤ ከቼሎዋ እንዲርቅ ብዬም በስድስተኛው ቁልፍ ላይ አኖርኩት። በሚቀጥለው ጁምዓ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ (የሣጥኑ ሰዓት አሥራ አራት ይላል፤ በዚህ ጉዳይ ባለቤቴና ሣጥኑ እስከ ዛሬ አልተግባቡም) ልጅቷ ከሳሎናችን መደርደሪያ ላይ ተናገረች።

የእነዚህ ሰላምታዎች ሥርዓት ለማያውቅ ሰው አሰልቺ ነው፤ ለሚያውቅም አሰልቺ ነው። ስም አይጠራም፤ በተለይ እንደሷ ያሉ ልጆች አሠሪ እንዳይሰማቸው ይጠነቀቃሉ። ሰው የሚታወቀው በቦታው ነው። «ሐይቅ ከመስጊዱ በታች ላለችው እናቴ። ሐይቅ ላይ ላለው አባቴ። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ላለችው አክስቴ። ለዳቦ ቤቱ ሰውዬም። ከአጥሩ ወዲያ ላሉት ጎረቤቶቻችን። አሰላሙ አለይኩም። በአምባሰል የተዘፈነ ምረጡልኝ።» ሁልጊዜ ይኸው ዝርዝር፣ በዚሁ ተራ፤ ሁልጊዜ አምባሰል። ከተራው ማንም አይዘለልም፤ የተዘለለ ሰው ይቀየማል። እኔ ሳልዘለል ተቀየምኩ። ሬዲዮው የኔ፣ ኢንተርኔቱ የኔ፣ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ግን ይቀድመኛል።

አባትየው በር ላይ በአጭር ዱካ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዳምጣሉ። ልጅቷ «አሰላሙ አለይኩም» ስትል እጃቸውን ከመረቡ አንሥተው ጮክ ብለው «ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ» ይመልሳሉ፣ ለሣጥኑ።

«አያ፣ እሷ እኮ አትሰማዎትም» አልኳቸው አንድ ቀን። «ድምፁ ከወዲያ ወዲህ ይመጣል እንጂ ከወዲህ ወዲያ አይሄድም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተን ሰው ሰላም ሲልህ መጀመሪያ ጆሮው የት እንዳለ ታጣራለህ?»

ባለቤቴ ያን ዕለት ከሳቀችው በላይ ስትስቅ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተናግሬ የማይሰማኝ ሰው ሲኖር «ጆሮው የት እንዳለ አጣራ» ማለት ልማዷ ሆነ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ጁምዓ የእነሱ ቀን ሆነ። እትዬ ነጠላዋን አሳምራ ትመጣለች፣ ባለቤቴ መስኮቱን ትከፍታለች፣ አክስትየዋ ከመስኮቱ ሥር ትቆማለች። ቼሎዬ እስኪወጡ ትጠብቃለች። ስለ ብዙኃን መገናኛና ስለ ስሜት ንግድ አንድ መጣጥፍ ጀምሬ ነበር፤ ርእስ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ስለ ጦርነቱ የሚጽፉ ብዙ አሉ፤ እኔ የማውቀው የሣጥኑን በኩል ነው። ኔትወርኩ በተቆረጠበት ቀን ቼሎዋ እየተጫወተች ነበር። መስመሩ ከተቆረጠም በኋላ ለጥቂት ሰከንድ መጫወቷን ቀጠለች፤ ሣጥኑ ቀድሞ ያጠራቀመው ድምፅ ነበረው። ምንም ያልሆነ ይመስል ነበር። ከዚያ መሐል ላይ ቆመች፤ መስታወቱም «በመገናኘት ላይ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ቀረ። መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያ ሲል ሰነበተ። ባለቤቴ አየችውና «ይኸው» አለች። ሻማ ፍለጋም ገባች።

ከውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲሰማ ሰዉ ወደ ደሴ መሸሽ ጀመረ። እኛም ሄድን። ሣጥኑን በላስቲክ ጠቅልዬ ከመጽሐፎቼ ጀርባ ሸጎጥኩት። እትዬና ባሏ ቀሩ። አያ ስኳር ነበረባቸው፤ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶ መራመድ አይችሉም። «ሐይቁን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አሉ፤ ያሉት ግን መሄድ ስላልቻሉ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ እንደ ጀግንነት አድርገን ሰማነው። መሰናበቻችን ነበር።

ስንመለስ ቤታችን በሩ ክፍት ነው። ወንበር የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ድስት እንኳ የለም። ማን እንደወሰደው አልጽፍም፤ ብዙ ሰው ነው ያለፈበት፣ ሁሉም ሌላውን ይከሳል። መጽሐፎቼን ግን ማንም አልነካቸውም። የአገሪቱን የንባብ ባህል በተመለከተ ስጽፍ የኖርኩት ሁሉ በዚያ ተረጋገጠልኝ። ሣጥኑም ከጀርባቸው እንደተጠቀለለ አለ።

እትዬ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ደስ ብሎኝ፣ ለቀልድ ያህል «አያ ዛሬም ሐይቅ ላይ ናቸው?» አልኳት።

ነጠላዋን በእጇ ነካች። እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ መልበሷን ያኔ አየሁ።

መድኃኒታቸው ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ነበር፣ መብራት የለም፤ በኋላ ደግሞ መድኃኒቱም አልቋል። የቀበሯቸው አምስት ሰዎች ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ከእጃቸው ዓሣ የበላ፣ አምስት። እኔ ደሴ፣ ከዚያም ከደሴ ወዲያ ሆኜ ስለ ሰላም ድርድር አስተያየት ስሰጥ ነበር።

ኔትወርኩ ሲመለስ የሐዘኑ ቤት ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጅቷ። አልሰማችም። እዚህ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አብሯት የሚሆን፣ የሚይዛት፣ ውሃ የሚያቀብላት፣ በማለዳ ቤቷ ሄዶ ነው የሚነግራት። ጅዳ ደግሞ ከማታውቃቸው ሰዎች ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ስለዚህ እስክትመጣ ይደበቅ ተባለ። መቼ እንደምትመጣ የሚያውቅ የለም።

እኔ ተቃወምኩ። መቃወም ሥራዬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከልቤ ነበር። «አባቷ እኮ ናቸው» አልኳት እትዬን። «ሰው የአባቱን ሞት የማወቅ መብት አለው። ስትመጣ ምን ልትሏት ነው? ያን ሁሉ ጊዜ ስትስቂ ዝም ብለን አየንሽ?»

«ትሳቅ። እየሳቀች ትቆየኝ።»

«ይህ ማታለል ነው፣ እትዬ።»

«አዎ ነው» አለች፣ ምንም ሳትናደድ። «መምህር፣ ወድቃ ጭንቅላቷን ምድጃው ላይ ብትመታ ማን ያነሣታል? መብቷ ያነሣታል?»

መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ ነበር፤ ከሁለት መጽሐፍ የተጠቀሰ። ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ።

የመጀመሪያው ጁምዓ መጣ። የምንቀመጥበት በርጩማ ከሰው ተውሰን፣ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጠን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኘነው። ጣቢያው አለ፤ ልጅቷም አለች። «ሐይቅ ከመስጊዱ በታች ላለችው እናቴ። አልሐምዱሊላህ፣ ድምፅሽን ሰማሁ። ሐይቅ ላይ ላለው አባቴ…» ዝርዝሩን እንደ ድሮው አወረደችው። «አሰላሙ አለይኩም» ስትል ሁላችንም ሳናስበው ወደ በሩ ዞርን። የዱካው ቦታ ባዶ ነው። ትንሽ ቆይታ እትዬ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በባሏ ፈንታ መለሰች። ልጅቷ አትሰማም ያለ ሰው አልነበረም።

ለብዙ ሳምንት እንዲህ ሆነ። በወር አንዴ ስትደውል «አባቴስ?» ትላለች፣ «ሐይቅ ላይ ነው» ይባላል። ያን ውሸት አጥሩ ጋ በቀለድኩት ቀልድ ሳላውቅ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ጥሩ ውሸት ነበር፤ አያ በሕይወት ሳሉም ስልክ ይዘው ታንኳ ላይ አይወጡም። ልጅቷ ግን ሞኝ አይደለችም። አንድ ጁምዓ ከዝርዝሩ በኋላ ዘፈን አልመረጠችም። «ዛሬ ዘፈን አልፈልግም» አለች። «አባቴ ድምፁን ይላክልኝ። እሱ ካልሆነለት እናቴ ትላክልኝና በሚመጣው ጁምዓ አሰሙኝ።»

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት እትዬ በእኔ ስልክ ልትናገር መጣች። ምን እንደምትል ከባለቤቴ ጋር ተማክረውበታል። እኔ አልተማከርኩም፤ ስልክ ያዥ ነበርኩ። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ጀመረች።

«ልጄ፣ ደኅና ነሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ጎረቤቱም ደኅና ነው። አባትሽ ሐይቅ ላይ ነው። ቆሮሶው ዘንድሮ ጥሩ ነው አሉ። ስልክ ይዞ እንደማይወጣ ታውቂ የለም? ያቺን አዲሲቱን ስልክ ውሃ ውስጥ የጣላት ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያናግረኝ፣ ጥፋቱ የኔ ይመስል፣ አላህ ይርሀመው፣ በአራተኛው ቀን ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ዓሣ ይሁን መስሎሽ፤ ፉጨት ይዞ መጣ! ስቄ ልሞት! በይ አብሽሪ ልጄ፣ አታስቢ፣ ለሰዎችሽም ሰላም በይልኝ።»

ባለቤቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እትዬም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ለጣቢያው ላክሁት።

ጁምዓ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻይ እየጠጣሁ መልእክቱ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ስልኬን ከፈትኩ። ደርሷል። መልሼ አዳመጥኩት፣ ለስልኳ ታሪክ ብዬ። ሻዩ አፌ ላይ ቀረ።

አላህ ይርሀመው። ለሞተ ሰው የሚባል ነው። እኛ ነፍሱን ይማር እንደምንለው፣ ሙት ሲነሣ ምላስ በራሱ የሚያወጣው። ወራቱን ሁሉ በአያ ወሬ መሐል ስንሰማው ስለኖርን በሦስታችንም ጆሮ አልፏል። ውሸቱን ስታወራ አንድም ቦታ አልተሰናከለችም። የተሰናከለችው አንድ እውነተኛ ነገር ትዝ ሲላት ነው።

አሁን እንግዲህ የተመኘሁት ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቷ አባቷ መሞታቸውን ታውቃለች። መብቷ ይከበራል። ከወጥ ቤት፣ ብቻዋን፣ ምናልባት ድስት እያነሣች፣ ከሚስቅ ድምፅ መሐል ትሰማዋለች።

ለጣቢያው ጻፍኩ፤ እባካችሁ ያን መልእክት እንዳታሰሙት። መልስ የለም። ደወልኩ፤ አይነሣም። እንደገና ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው የፊደል ግድፈት ሁሉ ነበረው፤ በሕይወቴ ግድፈት ያለበት ነገር ልኬ አላውቅም። መንገድ ላይ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። በአጥሩ በኩል እትዬ ድምፅዋን አሰማች።

«መምህር፣ መልእክቴ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«ደኅና ነው?»

«በጣም ደኅና ነው፣ እትዬ» አልኩ። ስለ እውነት ያን ያህል ከተከራከርኩ በኋላ ዋሸሁ፣ ለዚያውም ሳልንተባተብ።

አምስት ሰዓት ላይ ከጅዳ ስልክ ተደወለ። ሰላምታውን የሚያቀርበው ሰውዬ ነበር። በሬዲዮ ቀልደኛ ነው፤ በስልክ ሌላ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ አትጨነቅ» አለኝ። «አላሰማነውም። አናሰማውምም።»

«ሰማችሁት?»

«ትናንት ሰምቼዋለሁ። እኔም የአምባሰል ልጅ ነኝ እኮ፤ የምን ቃል እንደሆነ አይጠፋኝም።» በር ሲዘጋ ሰማሁ። «ሴቶች ልከናል። ዛሬ ንጋት ላይ ሱብሂ እንደተሰገደ ሄዱ። እመቤቲቱን አስቀድመው አናገሯት፤ ደግ ሴት ናት፣ ሦስት ቀን ፈቀደችላት። ከዚያ ነገሯት። አሁን እነሱ ቤት ናት። ለእናቲቱ አንተ ንገርልኝ።»

አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። እትዬ እህል ትለቅም ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያመለጣትን ቃልም፣ ጠዋት የዋሸኋትንም። ሰፌዱን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ስንት ሆነው ሄዱ?» አለች።

«ሦስት።»

«የማን አገር ልጆች ናቸው?»

«ሁለቱ የአምባሰል፣ አንዷ የባቲ።»

«በጠዋት ነው ያልከው?»

«ሱብሂ እንደተሰገደ።»

«ቁጭ አድርገው ነው የነገሯት? ውሃስ ይዘው ነበር?»

«እሱን አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ምኑን ጠየቅህ?» አለችና ያኔ አለቀሰች፤ ሰፌዱ ጭኗ ላይ እንዳለ፣ እህሉ ሳይፈስ።

በስምንት ሰዓት ቤታችን ሞላ። ማንም አልጠራቸውም። ሰዉ ለቅሶ ቤት እንደሚመጣው መጣ፣ ግን ወደ እትዬ ቤት ሳይሆን ወደ እኛ፤ የምታለቅሰው ልጅ ያለችው እኛ ቤት፣ ሣጥኑ ውስጥ እንደሆነ ያህል። ወንበር ስላልነበረን ምንጣፍ ዘረጉ። አክስትየዋ ከመስኮቱ ሥር ወደ ውስጥ ገባች። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ዳቦ ይዞ መጣ። አያን የቀበሩት አምስቱ ሰዎችም ነበሩ። ስድስተኛውን ቁልፍ ተጫንኩ። መስታወቱ «በመገናኘት ላይ» አለ፣ ሰዉም መስታወቱን አየ፤ እንደዚያ ቀን ኔትወርክ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ አላውቅም።

ሰውዬው ያን ዕለት አልቀለደም። ዘፈንም አልነበረም። ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ለስለስ ያለ መንዙማ አሰሙ፣ ከዚያ ልጅቷ መጣች። ድምፅዋ ሰልሏል፤ ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፣ አንዷ «ጠጪ፣ ትንሽ ጠጪ» ትላለች። እትዬ ቀና አለች።

«ሐይቅ ከመስጊዱ በታች ላለችው እናቴ» አለች ልጅቷ። «እማ፣ ብቻዬን አይደለሁም። አታስቢ። አባቴን… አላህ ይርሀመው።» ቆመች። ሴቶቹ የሆነ ነገር አሏት። ቀጠለች፤ አክስትየዋን፣ የዳቦ ቤቱን ሰውዬ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለነውን፣ በተራችን፣ ማንንም ሳትዘል። «የቀበራችሁልኝ ሁሉ፣ አላህ ይስጣችሁ። አሰላሙ አለይኩም።»

ቤቱ ሁሉ መለሰ። አምስቱ ሰዎች፣ አክስትየዋ፣ በሩ ላይ የቆሙት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድምፅ፣ ለአንድ የወፍራም መጽሐፍ ያህል ሣጥን። ሁሉም ዝም ካሉ በኋላ አንድ ዘግይቶ የመጣ ድምፅ ለብቻው ቀረ። የኔ ነበር።

ባለቤቴ ከጎኔ ነበረች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሰማችህ?» አለችኝ።

ሌላ ሰው ሰላምታ ማቅረብ ጀመረ፤ የማናውቀው፣ ለማናውቃቸው ሰዎች። እትዬ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ምንጣፉን በእጇ ተደግፋ ተነሣች፣ ሣጥኑንም አየችው።

«በል ዝጋው፣ መምህር» አለች። «ውሃ ሰጥተዋታል።»